ጠመንጃ፣ መንጠቆና መነጽር በአንድ ሥፍራ
የአሜሪካ የባሕር ዳርቻ የአእዋፍ መጠለያዎች ታሪክ

መግቢያ

በአሜሪካ፣ በጆርጂያ ግዛት፣ ከሳቫና ከተማ በስተደቡብ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳርቻ ሀሪስ ኔክ የሚባል የዱር አራዊት መጠለያ ይገኛል። ስፋቱ 2,762 ኤከር፣ ማለትም ወደ 1,100 ሄክታር ገደማ ነው። ጨዋማ ረግረግ፣ የወንዝ ዳር፣ ትልልቅ የኦክ ዛፎችና ሰው የሠራቸው ኩሬዎች ይገኙበታል። ወደዚህ ሥፍራ የሚሄድ ሰው ሦስት ዓይነት ጎብኚዎችን ለማየት ይችላል። የመጀመሪያው የሩቅ ማያ መነጽር በአንገቱ አንጠልጥሎ በኩሬው ዳር ሽመላ የሚቆጥር ነው። ሁለተኛው በወንዙ ላይ ከተሠራው የእንጨት መድረክ ቆሞ መንጠቆውን የወረወረ፣ ወይም ሸርጣን የሚያጠምድ ነው። ሦስተኛው በዓመቱ ውስጥ በተወሰኑ ጥቂት ቀናት ብቻ ፈቃድ ተሰጥቶት አጋዘን የሚያድን ነው።

ይህን ለተማሪዎች ስንነግራቸው ወዲያው የሚያነሱት ጥያቄ አለ። «መጠለያ ከተባለ አዳኝ በውስጡ ምን ይሠራል?» ጥያቄው ተገቢ ነው። አስተዋይ ጎብኚ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይጨምርበታል። በመጠለያው መካከል ሣር የበቀለባቸው ሰፋፊ የአውሮፕላን መንደርደሪያዎች ይታያሉ። ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን ወደ ውሃው በሚያወርዱበት በባርበር ወንዝ አጠገብም ጉልድ የተባለ የመቃብር ሥፍራ አለ። ማንም በማይኖርበት በዚህ የወፍ ምድር የተቀበሩት እነማን ናቸው?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ከታሪክ መልስ መፈለግ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

የባርኔጣ ላባ ዘመን

በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ በኒው ዮርክ፣ በለንደንና በፓሪስ የነበሩ ባለጸጋ ወይዛዝርት በላባ ያጌጠ ባርኔጣ መልበስን የክብር ምልክት አድርገውት ነበር። በአንዳንዱ ባርኔጣ ላይ የደረቀ ወፍ ከነምንቃሩና ከነክንፉ ይሰፋበት ነበር። በ1886 ፍራንክ ቻፕማን የተባለ የአእዋፍ ተመራማሪ በኒው ዮርክ መንገዶች እየተዘዋወረ የሴቶችን ባርኔጣ ቆጠረ። ካያቸው 700 ባርኔጣዎች መካከል 542ቱ በላባ ያጌጡ ሆነው አገኛቸው። በእነዚህም ላይ 40 ዓይነት የአገሩን ወፎች ለይቶ ለማወቅ ቻለ።

ከሁሉም አብልጦ ይፈለግ የነበረው የነጭ ሳቢሳ ላባ ነው። ይህች ወፍ በጀርባዋ ላይ ረጅም፣ ቀጭንና እንደ ሐር የለሰለሰ ላባ የምታወጣው በመራቢያዋ ወራት ነው። ስለዚህ ላባ ለቃሚው አዳኝ የሚመጣው ወፎቹ ተሰብስበው ጎጆ በሠሩበት፣ ጫጩቶቻቸውን ጥለው ለመሸሽ በማይሆንላቸው ጊዜ ነበር። እናትና አባት ይገደላሉ፤ ጫጩቶቹም በጎጇቸው እንዳሉ በረሃብና በፀሐይ ያልቃሉ። በ1903 ገደማ ለአዳኙ የሚከፈለው የአንድ አውንስ ላባ ዋጋ 32 ዶላር ደርሶ እንደነበረ ተጽፏል። በዚያው ዘመን አንድ አውንስ ወርቅ ከ21 ዶላር ያነሰ ዋጋ ነበረው። እንግዲህ ላባ ከወርቅ በበለጠበት ገበያ ድሀው የባሕር ዳር ነዋሪ ጠመንጃውን ይዞ ወደ ረግረጉ ቢወርድ የሚያስደንቅ አይሆንም። ዋናውን ትርፍ የሚያጋብሱት ግን በከተማ የተቀመጡት ነጋዴዎች ነበሩ።

የላባ ንግድ የእኛንም አካባቢ ሳይነካ አላለፈም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከሶማሌ ምድር ተሰብስቦ ወደ በርበራ ወደብ ይወርድ ከነበረው ሸቀጥ አንዱ የሰጎን ላባ ነበር። ላባው ከዚያ በኤደን በኩል አድርጎ ወደ ውጭ ገበያ ይሻገር ነበር።

በዚህ ፋሽን ላይ የመጀመሪያውን ጠንካራ ተቃውሞ ያነሱት ራሳቸው ሴቶች ናቸው። በ1896 በቦስተን ከተማ ሀሪየት ሄመንዌይና ሚና ሆል የተባሉ ሁለት ዘመዳሞች ወይዛዝርቱን ሻይ እየጋበዙ ላባ የለበሰ ባርኔጣ እንዳያደርጉ ያግባቧቸው ጀመር። ከዚህም ጥረት በታዋቂው የአእዋፍ ሠዓሊ በኦዱቦን ስም የተሰየመው የማሳቹሴትስ ማኅበር ተመሠረተ። ተመሳሳይ ማኅበራትም በየግዛቱ ተቋቋሙ። በ1900 ደግሞ ኮንግሬስ «የሌሲ ሕግ» በመባል የሚታወቀውን ሕግ አወጣ። ሕጉ በአንድ ግዛት ውስጥ ከሕግ ውጭ የተገደለን ወፍ ወደ ሌላ ግዛት አጓጉዞ መሸጥን የሚከለክል ነበር።

አንዲት ትንሽ ደሴት

ሕጉ መውጣቱ መልካም ቢሆንም ወፎቹ የሚኖሩት በረግረግና በደሴት ነው፤ በዚያም የሚጠብቃቸው አልነበረም። የመጀመሪያው የመንግሥት መጠለያ የተፈጠረው ከዚህ ችግር ነው።

በፍሎሪዳ ግዛት ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ሰባስቲያን ከምትባል ሠፈር ፊት ለፊት፣ ኢንዲያን ሪቨር በሚባለው ጨዋማ ውሃ መካከል ፔሊካን አይላንድ የተባለች ደሴት አለች። ስፋቷ 3 ሄክታር እንኳን አይሞላም። በዚያ ዘመን ቡናማ ፔሊካኖች በፍሎሪዳ ምሥራቃዊ ዳርቻ ጎጆ የሚሠሩባት የመጨረሻ ሥፍራ እርሷ ነበረች። ፖል ክሮጌል የተባለ ከጀርመን አገር የመጣ ስደተኛ በውሃው ዳር ይኖር ነበር። ሥራው ጀልባ መሥራትና ብርቱካን ማልማት ነው። ደሴቲቱን ከቤቱ ሆኖ ያያት ስለነበር መርከበኞች ለጨዋታ በወፎቹ ላይ ሲተኩሱ ጠመንጃውን ይዞ በጀልባ እየሄደ ያባርራቸው ነበር።

ቻፕማንና ጓደኞቹ ጉዳዩን ለፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት አቀረቡ። ሩዝቬልትም በመጋቢት ወር 1903 ደሴቲቱ የአእዋፍ መጠበቂያ እንድትሆን በፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ ወሰነ። ይህች ደሴት ዛሬ ከ560 በላይ ለሆኑት የአሜሪካ ብሔራዊ የዱር አራዊት መጠለያዎች የመጀመሪያዋ ሆና ትቆጠራለች። ኮንግሬስ ግን ለጥበቃው የመደበው ገንዘብ አልነበረም። ስለዚህ ጠባቂ ሆኖ የተሾመው ክሮጌል በወር 1 ዶላር የሚያገኘው የወፎቹ ወዳጆች ከሚያዋጡት ነበር።

እዚህ ላይ ተማሪዎች ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። ሩዝቬልት ራሱ የታወቀ አዳኝ ነበር። በሥልጣን ዘመኑ 51 የአእዋፍ መጠበቂያዎችን አቋቁሟል። ይኸው ሰው በ1909 ከሥልጣን እንደወረደ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ለአደን መጣ። በዚህም ጉዞ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በሱዳን እሱና ልጁ ከ500 የሚበልጡ ትልልቅ አራዊት ገድለዋል። ያደኑትም ለዋሽንግተን ቤተ መዘክር የሚሰበሰብ ነው ተብሎ ነበር። የመጠለያዎቹ መሥራችና አዳኙ አንድ ሰው መሆናቸው በኋላ ለሚመጣው ታሪክ ፍንጭ ይሰጠናል።

ፔሊካኖቹ ከዓሣ አጥማጆችም ጋር ጠብ ነበራቸው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ምግብ በተወደደበት ወቅት አጥማጆች «ዓሣችንን የሚጨርሱት እነዚህ ወፎች ናቸው» እያሉ ይከሱ ነበር። በ1918 ሰዎች ወደ ደሴቲቱ ገብተው መብረር ያልቻሉ ከ400 የሚበልጡ የፔሊካን ጫጩቶችን በዱላ ቀጥቅጠው ገደሉ። በኋላ የወፎቹ ምግብ ሲመረመር የሚበሉት በአብዛኛው ለገበያ የማይቀርብ ጥቃቅን ዓሣ ሆኖ ተገኘ። ክሱ ሐሰት መሆኑ የታወቀው ፍርዱ ከተፈጸመ በኋላ ነበር።

በሥራ ላይ የወደቀው ጠባቂ

የጥበቃ ሥራ ምን ያህል አደገኛ እንደነበረ የጋይ ብራድሌይ ታሪክ ያስረዳል። ብራድሌይ በደቡብ ፍሎሪዳ ያደገ ሰው ሲሆን በልጅነቱ ላባ ለቃሚዎችን እየመራ በረግረጉ ውስጥ ይዞር ነበር። በ1902 ግን ሥራውን ለውጦ የአእዋፍ ጠባቂ ሆነ። የጎጆ መንደሮቹን ሁሉ ያውቃቸው ነበር፤ አዳኞቹም ጎረቤቶቹ ነበሩ። ሐምሌ 8 ቀን 1905 ጥይት ሰምቶ በጀልባ ወደ አንዲት ደሴት ሲሄድ ወፍ ሲያስገድል ያገኘው ሰው ተኩሶ ገደለው። ገዳዩ ራሴን ለመከላከል ነው አለ። ጉዳዩን ያየው የአካባቢው የዳኞች ሸንጎም ለፍርድ ሳያቀርበው አሰናበተው።

ይህ ውሳኔ ብዙ የሚናገረው አለ። ሕጉ በዋና ከተማ ተጽፎ ነበር፤ በባሕሩ ዳር የሚኖረው ሰው ግን ገና አልተቀበለውም። የብራድሌይ ሞት በጋዜጣ ሲነገር በሰሜኑ ክፍል ሕዝቡን አስቆጣ። በ1910 ኒው ዮርክ፣ የላባ ንግድ ዋና ከተማ የነበረችው፣ የአገሩን ወፎች ላባ መሸጥ የሚከለክል ሕግ አወጣች። በ1913 ደግሞ የዱር ወፍ ላባ ከውጭ አገር ወደ አሜሪካ እንዳይገባ ተከለከለ። ገበያው ሲዘጋ አዳኙም ሥራ ፈታ። ጠባቂዎች በጠመንጃ ሊያቆሙት ያልቻሉትን ንግድ የገዢው መጥፋት አቆመው።

ሕግና ገንዘብ

በመስከረም ወር 1914 ማርታ የተባለችው የመጨረሻዋ ተጓዥ ርግብ በሲንሲናቲ ከተማ መካነ አራዊት ሞተች። ይህ የርግብ ዘር ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት ሲበር ሰማይ ያጨልም የነበረ፣ ቁጥሩም በቢሊዮን ይገመት የነበረ ነው። እጅግ የበዛ ነገርም ሊያልቅ እንደሚችል ለአሜሪካ ሕዝብ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዋና ዋና ርምጃዎች ተወሰዱ። የመጀመሪያው የውጭ አገር ስምምነት ነው። ወፍ ድንበር አያውቅም፤ በካናዳ ተፈልፍሎ በፍሎሪዳ ወይም በቴክሳስ ይከርማል። ስለዚህ አሜሪካ በ1916 በካናዳ ስም ከብሪታንያ ጋር ስለ ተጓዥ አእዋፍ ጥበቃ ተዋዋለች። ስምምነቱ በሥራ ላይ የሚውልበትም ሕግ በ1918 ወጣ። የሚዙሪ ግዛት «በግዛቴ ያሉት ወፎች የእኔ ናቸው» ብላ ብትከራከርም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1920 የፌዴራሉን ሕግ አጸና።

ሁለተኛው መሬት ነው። በ1929 ለአእዋፍ መጠለያ የሚሆን መሬት መግዛት የሚያስችል ሕግ ወጣ። ሆኖም ወዲያው የኢኮኖሚ ቀውስ ስለ ደረሰ ለግዢው የሚበቃ ገንዘብ አልተገኘም። በ1930ዎቹ ዓመታትም ብርቱ ድርቅ ሆነ። ዳክዬዎች የሚራቡባቸው ረግረጎች ለእርሻ ተብለው ብዙዎቹ አስቀድሞ ውሃቸው ተንጠፍጥፎ ስለ ነበር ድርቁ የቀሩትን ጨረሳቸው።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው። ሀሳቡን በሥራ ላይ ያዋለው ጄይ ዳርሊንግ ነው። ይህ ሰው የአዮዋ ጋዜጣ የካርቱን ሠዓሊ ሲሆን በ1934 በመንግሥት የአራዊት ጥናት ቢሮ ላይ ተሾመ። በዚያው ዓመት በወጣው ሕግ መሠረት ዕድሜው 16 ዓመት የሞላው የዳክዬና የዝይ አዳኝ ሁሉ በየዓመቱ አንድ ቴምብር መግዛት ግዴታው ሆነ። የመጀመሪያውን ቴምብር ሥዕል የሣለው ዳርሊንግ ራሱ ነው። ዋጋው 1 ዶላር ሲሆን በመጀመሪያው ዓመት 635,001 ቴምብር ተሸጠ። ዛሬ ዋጋው 25 ዶላር ነው። ከእያንዳንዱ ዶላርም 98 ሳንቲም የሚውለው ለረግረግ መሬት መግዣና መጠበቂያ ነው። በዚህ መንገድ ከ1934 ጀምሮ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተሰብስቧል። በ1937 ደግሞ በአደን መሣሪያና በጥይት ላይ፣ በ1950 በዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ላይ የሚጣለው ቀረጥ ለየግዛቶቹ የአራዊትና የዓሣ ሀብት ሥራ እንዲውል ተወሰነ።

የነገሩን አሠራር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ገንዘቡ የሚሰበሰበው ከወፉ ከሚጠቀመው ሰው ነው። ረግረጉ ከደረቀ ዳክዬ የለም፤ ዳክዬ ከሌለ አደን የለም፤ አደን ከሌለም ቴምብር የሚገዛ አይኖርም። ስለዚህ አዳኙ የረግረጉ ጠበቃ እንዲሆን የራሱ ጥቅም ያስገድደዋል።

አዳኙ ወደ መጠለያው የገባበት መንገድ

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። በቴምብሩ ገንዘብ የተገዙት መጠለያዎች መጀመሪያ ለአደን የተዘጉ ነበሩ። አዳኞች ግን «ገንዘቡን የምንከፍለው እኛ ነን፤ ታዲያ በገዛነው መሬት ለምን አንገባም?» ይሉ ጀመር። በ1949 ኮንግሬስ የቴምብሩን ዋጋ ወደ 2 ዶላር ከፍ ሲያደርግ እንዲህ ካለው መጠለያ እስከ አንድ አራተኛው ድረስ ለአደን ሊከፈት ይችላል ብሎ ፈቀደ። በ1958 ዋጋው 3 ዶላር ሲሆን የሚከፈተው ክፍል ወደ መቶ 40 ከፍ አለ። ዋጋው በጨመረ ቁጥር በሩም አብሮ ሰፋ ማለት ነው።

ይህን የተቃወሙ ሰዎች ጥቂት አልነበሩም። ወፉ በሌላ ሥፍራ ከሚተኮስበት ጥይት ሸሽቶ የሚመጣበት ቦታ መልሶ መገደያው ከሆነ «መጠለያ» የሚለው ስም ምን ትርጉም አለው? ይህ ክርክር ዛሬም አላበቃም። በ1997 የወጣው ሕግ ነገሩን በመጠኑ መልክ አስያዘው። በሕጉ መሠረት የመጠለያው የመጀመሪያ ዓላማ የአራዊቱ ደኅንነት ነው። ከዚህ ዓላማ ጋር እስካልተጋጩ ድረስ ቅድሚያ የሚሰጣቸው የሰው ጉዳዮች ስድስት ናቸው። እነርሱም አደን፣ ዓሣ ማጥመድ፣ አራዊትን መመልከት፣ ፎቶግራፍ ማንሳት፣ ስለ ተፈጥሮ ማስተማርና ለጎብኚው ማብራሪያ መስጠት ናቸው። መጋጨት አለመጋጨታቸውን የመመርመር ኃላፊነት የመንግሥት ነው። በመግቢያችን ያየናቸው ሦስቱ ጎብኚዎች በአንድ ሥፍራ የተገናኙት በዚህ ረጅም ድርድር ነው።

ለአእዋፉ የተገኘው ጥቅም ግልጽ ነው። በቴክሳስ ዳርቻ በ1937 የተቋቋመው የአራንሳስ መጠለያ የነጩ ትልቅ ቁራሌ፣ ፈረንጆቹ ጩኸተኛው ቁራሌ የሚሉት ወፍ፣ መክረሚያ ነው። በ1941 በዚያ የሚከርሙት ወፎች ከ20 ያነሱ ነበሩ፤ አሁን ከ500 በላይ ሆነዋል። ይሁን እንጂ ድንበር ከልሎ መጠበቅ ሁልጊዜ እንደማይበቃም ታይቷል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዲዲቲ የተባለው የተባይ መድኃኒት ከእርሻ ወደ ውሃ፣ ከውሃ ወደ ዓሣ፣ ከዓሣ ወደ ፔሊካን ገባ። የእንቁላሉ ቅርፊት ስለ ሳሳ ወፏ ስትታቀፈው ይሰበር ጀመር። በ1972 በእርሻ ላይ መጠቀሙ ከተከለከለ በኋላ ፔሊካኖቹ እየተመለሱ መጡ፤ በ2009ም ለመጥፋት ከተቃረቡት እንስሳት ዝርዝር ወጡ።

የሀሪስ ኔክ ሰዎች

እስከዚህ ያየነው የወፎቹን ታሪክ ነው። በመግቢያው ወዳነሣነው መቃብርና መንደርደሪያ ስንመለስ ግን ሌላ ታሪክ እናገኛለን።

ሀሪስ ኔክ በባርነት ዘመን ጥጥ የሚለማበት የባለርስቶች መሬት ነበር። የእርስ በርስ ጦርነቱ ባበቃበት በ1865 ማርጋሬት አን ሀሪስ የተባለች ባለርስት ርስቷን ባሪያ ለነበረው ለሮበርት ዴሌጋል በኑዛዜ እንደተወችለት የአካባቢው ተወላጆች ይጠቅሳሉ። ከዚያ ወዲያ ነፃ የወጡ ጥቁር ቤተሰቦች መሬቱን እየገዙና እየተከፋፈሉ ሠፈሩበት። እነዚህ ሰዎች ጋላ ጊቺ ከሚባለው፣ ከምዕራብ አፍሪካ ተማርከው ከተወሰዱት ባሮች ከሚወለደው ሕዝብ ወገን ናቸው። ያርሱ ነበር፤ ዓሣ ያጠምዱ፣ ሸርጣንና ኦይስተር የተባለውን ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ ይሰበስቡ ነበር። ቤተ ክርስቲያናቸውን ሠርተው፣ ትምህርት ቤት አቋቁመው ሦስት ትውልድ ያህል ኖሩ። በዚያ ዘመን በጆርጂያ ጥቁር ሰው የራሱ መሬት ኖሮት ማንንም ሳይለማመጥ ማደሩ ቀላል ነገር አልነበረም።

በ1942 የአሜሪካ መንግሥት ለጦር አውሮፕላን ማረፊያ በማለት መሬቱን ወሰደ። ቤተሰቦቹ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንዲለቁ ታዘዙ፤ ቤቶቻቸውም ፈረሱ፣ ተቃጠሉ። ነዋሪዎቹ ጦርነቱ ሲያበቃ መሬቱ ይመለስላችኋል ተብለን ነበር ይላሉ። ለጥቁሮቹ በኤከር የተከፈለው ካሣም በዚያው ሥፍራ መሬት ለነበራቸው ነጮች ከተከፈለው ያነሰ እንደ ነበረ በአቤቱታቸው ገልጸዋል። ጦርነቱ አበቃ፤ መሬቱ ግን አልተመለሰም። መንግሥት ለማኪንቶሽ አውራጃ አስተዳደር በአውሮፕላን ማረፊያነት እንዲጠቀምበት ሰጠው። አስተዳደሩ በውሉ መሠረት ስላልተጠቀመበት የፌዴራሉ መንግሥት መልሶ ወሰደው። በ1962 ሀሪስ ኔክ የዱር አራዊት መጠለያ ሆነ።

በ1979 ተወላጆቹ ወደ አባቶቻቸው መሬት ተመልሰው ድንኳን ተከሉ። በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲወጡ ተደረገ፤ እምቢ ያሉት አራት ሰዎችም ታሰሩ። መሬቱን ለማስመለስ ያቀረቡት ክስ ውድቅ ሆነ። በ2011 የኮንግሬስ ንዑስ ኮሚቴ አቤቱታቸውን አዳመጠ፤ ሥፍራው ግን መጠለያ እንደሆነ ቀረ።

በሌላው በኩል ሀሪስ ኔክ ለአእዋፉ እጅግ ጠቃሚ መሆኑን መካድ አይቻልም። በ1984 ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርዝር የገባችው የአሜሪካ ሽመላ በመጠለያው ኩሬ ውስጥ ጎጆ ትሠራለች። ሠራተኞች የጎጆ መደብ በእንጨት አበጅተውላታል። በውሃው ውስጥ ያለው አሊጌተር የተባለው የአዞ ዘር እንቁላል የሚሰርቁትን አውሬዎች ስለሚያስፈራ ሳያውቀው ዘበኛ ሆኗታል። በ2014 የሽመላዋ ሁኔታ ተሻሽሎ በዝርዝሩ ውስጥ ያላት የአደጋ ደረጃ ዝቅ ብሏል። ተወላጆቹም ወፎቹ ይጥፉ አይሉም። አብረን ልንኖር እንችላለን ነው የሚሉት።

እዚህ ላይ ልብ የሚነካው ነገር ይህ ነው። ዛሬ ጎብኚው በፈቃድ የሚያደርገው ዓሣ ማጥመድና ሸርጣን መያዝ የተፈናቀሉት ሰዎች ኑሮ ነበር። አያቱ በዚያ ወንዝ ዓሣ እያጠመደ ልጆቹን ያሳደገ ሰው የልጅ ልጁ ዛሬ ወደዚያው ሥፍራ የሚገባው እንደ ማንኛውም ጎብኚ ነው። የሙታኖቹ መቃብር ግን በዚያው አለ።

ማጠቃለያ

ለመጀመሪያው ጥያቄ ያገኘነው መልስ፣ አዳኙ በመጠለያው ውስጥ ያለው ለረግረጉ ስለሚከፍል ነው የሚል ነው። ለሁለተኛውም፣ በዚያ የተቀበሩት ቦታው መጠለያ ከመሆኑ በፊት ይኖሩበት የነበሩ ባለመሬቶች ናቸው። ሁለቱ መልሶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንድ ጉድለት ያሳዩናል። የሚከፍለው ሰው ድምፁ ተሰማ፤ ቴምብሩን በገዛበት መጠን በሩ ተከፈተለት። መሬቱን የለቀቀው ሰው ደግሞ ከማንም የበለጠ ዋጋ ከፍሏል፤ ሆኖም ከፋይ ተብሎ አልተቆጠረም። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት የመጠለያዎችን ታሪክ የሚያስተምር መምህር ከሁለቱ አንዱን ብቻ መርጦ ቢያስተምር ግማሽ ታሪክ አስተማረ ይባላል። ፔሊካን አይላንድን ብቻ የተማረ ተማሪ ጥበቃ ሁሉ ያለ ዋጋ የሚገኝ ይመስለዋል። ሀሪስ ኔክን ብቻ የተማረ ደግሞ ጥበቃ ሁሉ ግፍ ይመስለዋል።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ነጭ ፔሊካኖች ጎጆ ሲሠሩ ኖረዋል፤ ምግባቸውን የሚያገኙት ግን ከጎረቤቱ ከአቢጃታ ነበር። የአቢጃታ ውሃ ሲጎድልና ዓሣው ሲጠፋ የደሴቲቱ መከለል ብቻ አልበቃቸውም። በ1960ዎቹ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሲቋቋምም የከረዩ አርብቶ አደሮች ከግጦሽና ከውሃ ሥፍራቸው ተገፍተዋል። ጥያቄያቸውም ፓርኩ ባለበት ሁሉ ሲነሳ ኖሯል።

በክፍል ውስጥ ይህን ትምህርት ለማቅረብ የሚፈልግ መምህር ተማሪዎቹን በአራት ቡድን ቢከፍላቸው ይጠቅማል። አንደኛው ቡድን በአዳኙ፣ ሁለተኛው በወፍ ተመልካቹ፣ ሦስተኛው በጠባቂው፣ አራተኛው በተፈናቀለው ቤተሰብ ቦታ ሆኖ ይናገር። ከዚያም በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ ይወያዩ።

1. የብራድሌይ ገዳይ ለፍርድ ሳይቀርብ የቀረው ለምን ይመስላችኋል? ሕግ በሕዝቡ ዘንድ ተቀባይነት የሚያገኘው በምን መንገድ ነው?

2. አዳኝ ቴምብር ገዝቶ በመጠለያው ውስጥ ማደኑ ተገቢ ነው ትላላችሁ? ወፍ ለመመልከት ብቻ የሚመጣውስ ሰው መክፈል አለበት?

3. በ1962 የሀሪስ ኔክን ጉዳይ የምትወስኑት እናንተ ብትሆኑ ኖሮ ለሽመላዋም ለቤተሰቦቹም የሚበጅ ምን ዓይነት ውሳኔ ትሰጡ ነበር?

4. በምትኖሩበት አውራጃ ከተከለለ ደን፣ ሐይቅ ወይም ፓርክ አጠገብ ያሉ ሽማግሌዎችን ጠይቁ። ቦታው ከመከለሉ በፊት በዚያ ማን ይኖር፣ ምንስ ይሠራ ነበር? የነገሯችሁን ጽፋችሁ ለክፍሉ አንብቡ።

የመጨረሻው ጥያቄ መልሱ በመጻሕፍት ላይገኝ ይችላል። የሚያውቁት ሽማግሌዎች ሳያልፉ ተማሪዎቻችን ቢጽፉት ለታሪክም ለአራዊቱም ይጠቅማል።